የገና ብርድና የአምቦ ፍል ውሃ

እንግሊዝ አገር፣ ከነርሶች ማደሪያ
ጥቅምት 26 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለአቶ አሻግሬ፤

ጋሼ፣ ባሕር ለያየን እንጂ ልቤ አጠገብዎ ነው። እርስዎ እንደምን ከርመዋል? እትዬ ወሰንየለሽስ? ትንሿ እህቴ እታገኝስ? እኔ ከብርዱና ከድንቹ በቀር የምማረርበት ነገር የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የነርስነት ትምህርቱም ሁለተኛ ዓመቱን ያዘ። እናታችን ስትሞት ሁለታችንን አቅፈው ያሳደጉን እርስዎ ነዎትና ይህ ሁሉ የእርስዎ ነው።

አሁን አንድ ጉድ ልንገርዎ፤ ቁጭ ብለው ያንብቡት። ባለፈው ሳምንት የክፍላችን ኃላፊ ሲስተር ምሳ ላይ ተነሥታ፣ «የገና ማግስት ለበጎ አድራጎት ባሕር የሚወርድ ማነው?» አለች። እኔ የመጣልኝ ጥምቀት ነው። ቄስ ይባርካል፣ የወደደ ይረጫል፣ ዘፈን ይኖራል ብዬ ከሁሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። የትኛው ቤተ ክርስቲያን ታቦት እንደሚወርድም ጠየቅሁ። ነርሶቹ ሲስቁ ነው ነገሩ የገባኝ። ለካ እዚህ ሰው በገና ብርድ ባሕር ውስጥ የሚገባው ሊዋኝ ነው። ገብቶ የዋኘ እንደሆነ ዘመድ ወዳጁ ለበጎ ሥራ ገንዘብ ይሰጥለታል። ባሕሩ ውስጥ አንዲት ጀልባ ትቆማለች፤ እሷን ዞሮ መመለስ ነው። እኔ ደግሞ ዋና አልችልም። ስሜ ግን ግድግዳ ላይ ተጽፎ ተለጥፏል፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆነብኝ።

ሌላው የእታገኝ ጫማ ነገር ነው። እግሯን ወረቀት ላይ አስቀምጠው በእርሳስ ዙሪያውን ስለው ይላኩልኝ ብዬ ነበር። የላኩልኝ ግን የቀኙን ብቻ ነው። ጫማ ሻጩ የሁለቱንም ይፈልጋል። እባክዎ ግራውንም ስለው ይላኩ። እሷም እንደ ድሮዋ ከታች አንድ መሥመር ትጻፍልኝ።

ያሳደጓት ዱሬቲ ባይሳ


ሀገረ ሕይወት፣ አምቦ
ኅዳር 21 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ ለዱሬቲ ባይሳ፤

ሰላምታዬ እንደ ጉደር ወንዝ ሳይቋረጥ ይድረስሽ። እኛ በቸርነቱ ደህና ነን። ጤፉ አምሯል። ዳኛው ተቀይሮ ሌላ መጥቷል፤ እሱም እንደ ፊተኛው የእኔን የእጅ ጽሕፈት አይቶ ተደንቋል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስገባ፣ ደብዳቤሽን ካነበብሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ልጅቱን ሐኪም ትሁን ብለን ብንልክ ባሕር ልትገባ ነው። ለመሆኑ የማን ፈቃድ አለሽ? እኔ አሳዳጊሽ አልተጠየቅሁም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ወደ ተባለው ባሕር እንዳትገቢ በዚህ ደብዳቤ ታግደሻል፤ ይግባኝ የለውም። ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ አንቺም ታውቂያለሽ። ደግሞስ ምን ለብሰሽ ነው የምትገቢው? ይህን ለወሰንየለሽ አላነበብሁላትም።

ስለ እግሩ የጻፍሽውን አየሁ። የሰው ልጅ እግር መንታ ነው፤ አንዱን ያየ ሁለቱን እንዳየ ይቆጠራል። ለማንኛውም ጫማው ይቆይ። በእሱ ፈንታ ወፈር ያለ የሱፍ ብርድ ልብስ ብትልኪ ይሻላል። እታገኝ ደህና ናት። መጻፉን ዛሬ አልተመቻትም።

አጎትሽ አሻግሬ
የወረዳ ፍርድ ቤት ጸሐፊ


እንግሊዝ አገር
ታኅሣሥ 19 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፤

በዓሉ በሰላም ይግባልዎ፤ ይህ ደብዳቤ ሲደርስ የእኛ ገናም አልፎ ይሆናል። የእገዳ ትእዛዝዎ ትናንት ደረሰኝ። የፈረንጆቹ የገና ደብዳቤ ፖስታ ቤቱን አጨናንቆት ዘግይቷል። እኔ ደግሞ ባሕሩ የገባሁት ከትናንት በስቲያ ነው። ፍርድ ቤትዎ ይህን እንዴት እንደሚያየው አላውቅም።

እንደዚያ ያለ ብርድ አይቼ አላውቅም። የባሕሩ ዳር አሸዋ ሳይሆን ጠጠር ነው። ሰማዩም ውሃውም አመድ መስሏል። መለከት የሚነፉ ሰዎች ቀይ ቆብ ደፍተው ቆመዋል። አንዱ ትልቅ ዶክተራችን የገና አባት ልብስ ለብሶ፣ ጥጥ ጺም ለጥፎ መጥቷል። አንድ ሥጋ ሻጭ የሚስቱን የሠርግ ባርኔጣ አድርጓል። እኔ ምን እንደለበስሁ አይጠይቁኝ፤ ሱፍ ነው፣ እስከ ጉልበት ነው፣ ከዚህ በላይ አልናገርም። ፊሽካው ሲነፋ «በስመ አብ» ብዬ ሮጥሁ። ውሃው ሆዴን ሲነካኝ ትንፋሼ ጠፋ። አንድ ወር ሙሉ በከተማው መዋኛ ያስተማረችኝ ጓደኛዬ አጠገቤ ነበረች። ጀልባዋ ጋ አልደረስሁም፤ ግማሽ መንገድ ላይ እጄ ደንዝዞ ተመለስሁ። ግን ዋኘሁ፣ ጋሼ። አምቦ ተወልጄ ውሃ የማልፈራ መሆኔን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

አሁን ለምን እንደገባን ልንገርዎ። የምሠራው የልጆች ክፍል ውስጥ ነው። ብዙዎቹ የልጅነት ልምሻ የያዛቸው ናቸው። ትኩሳቱ ሁለት ሦስት ቀን ያቃጥላቸውና ሲለቃቸው አንድ እግር ወይም ሁለቱም ይሟሽሻሉ። የተያዘው እግር ከሌላው ጋር እኩል አያድግም፤ ይቀጥናል፣ ያንሳል። እነዚህን ልጆች ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ አስገብተው እግራቸውን ሲያሠሯቸው ብዙ ይሻላቸዋል። ሆስፒታሉ ግን የሞቀ ውሃ ገንዳ የለውም። ያን ሁሉ ሰው ብርድ ባሕር ውስጥ የከተተው የዚያ ገንዳ ማሠሪያ ገንዘብ ነው።

የልጆቹን ጫማ የምንለካው እግራቸውን ወረቀት ላይ እየሳልን ነው። ወላጅ ሁልጊዜ ደህነኛውን አስቀድሞ ያቀርባል። እርስዎ ደግሞ አንዱን ብቻ ላኩልኝ፤ ከዚያ ጫማው ይቆይ፣ ብርድ ልብስ ላኪ አሉኝ።

ጋሼ፣ የትኛው እግሯ ነው?

ዱሬቲ


አምቦ
ጥር 14 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ ለዱሬቲ፤

እግዚአብሔር ከባሕር ስላወጣሽ ስሙ ይመስገን። ትእዛዝ መጣስሽ በይደር ተይዟል።

ጥምቀት በደህና ዋለ። ታቦቶቹ ሁሉቃ ወንዝ ዳር አድረው ወደ መንበራቸው ተመልሰዋል። ዝናብ ያለ ወቅቱ ጣለና የአንድ ሁለት ሰው ገብስ አበላሸ። የጊንጪ መንገድ እየተጠገነ ነው። ከጭልሞ ደን የሚመጣው እንጨት ተወዷል። የጎረቤታችን የኦቦ ሙለታ በቅሎ ጠፍታ ካቺሲ ገበያ ተገኘች፤ ነገሩ እኛ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ ሁለት ሰዎች «የእኔ ናት» እያሉ ሲከራከሩ በቅሎይቱ ሁለቱንም ረገጠቻቸው። ወሰንየለሽ ወገቧን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ናት። ብርድ ልብሱ ደርሷል፤ ጥሩ ሱፍ ነው። የጻፍሁት በጥድፊያ ነው፤ ፖስታው ሊሄድ ነው።

አሻግሬ

የግራው ነው። ከመስቀል በፊት ጀምሮ ነው።


እንግሊዝ አገር
የካቲት 8 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለአባቴ ምትክ ለጋሼ አሻግሬ፤

ደብዳቤዎን ይዤ ዕቃ ቤት ገብቼ አለቀስሁ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ። ለምን እንዳልነገሩኝ አውቃለሁ። ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች ብለው ነው። አልዋሽዎትም፣ ልመጣ ነበር። ሲስተሯ ናት ቁጭ አድርጋ፣ «ሄደሽ አብረሻት ከምታለቅሺ የተማርሽውን ጻፊላቸው» ያለችኝ። ስለዚህ እጽፋለሁ፤ ካላደረጉት ግን ሻንጣዬን አሥሬ መምጣቴ ነው። ይህ የእኔ ትእዛዝ ነው፤ ይግባኝም የለውም።

ጋሼ፣ እስኪ ያስቡት። እዚህ ዶክተሩ የገና አባት ሆኖ፣ ሥጋ ሻጩ ባርኔጣ አድርጎ፣ እኔ ከንፈሬ ጠቁሮ ባሕር የገባነው ለአንዲት የሞቀ ውሃ ገንዳ ነው። እናንተ ቤት በር ላይ እግዜር ራሱ አሙቆ ከመሬት ያፈልቅላችኋል። እሱ ሳይደግስ አይጣላም ይሉ የለም?

እታገኝን ፍል ውሃው ይውሰዷት። ጸበል እንደምንጠመቀው አስቀምጠው አፍስሰውባት አይመለሱ። ጸሎቱም ይሁን፤ ግን እግሯ መሥራት አለበት። ከብብቷ ሥር ይያዟትና ውሃው ይሸከማት። ግራ እግሯን መጀመሪያ በእጅዎ እያጠፉ ይዘርጉላት፤ ኋላ ራሷ ትሞክር። ታልቅስ፣ ትሳቅ፣ ውሃ ትርጭብዎ፤ አይቆጧት። አንድ ቀን ሄደው ለውጥ የለም ብለው እንዳይተዉ። ወራት ይወስዳል። ሙሉ በሙሉ ትድናለች አልልዎትም፤ መቆም ግን ትችል ይሆናል። የቆመ ልጅ ትምህርት ቤት ይገባል። እኔ የምፈልገው ይህን ነው።

ሌላም አለኝ፤ አይቆጡኝ። ጓዳ አያስቀምጧት። እንግዳ ሲመጣ ከየት ወደ የት እንደምትደረግ ሳላይ አውቀዋለሁ፤ አገሬን አውቃለሁና።

ዱሬቲ


እንግሊዝ አገር
ሚያዝያ 22 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ከየካቲት ወዲህ አንድ ቃል አልደረሰኝም። ሁለት ደብዳቤ ጽፌ ነበር። ተቆጥተው ከሆነ ተቆጥቻለሁ ብለው ይጻፉልኝ፤ እሱም ይበቃኛል። የአውሮፕላኑን ዋጋ ጠይቄያለሁ።

ዱሬቲ


አምቦ
ግንቦት 16 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለትእዛዝ ሰጪዋ ለወይዘሪት ዱሬቲ፤

የአውሮፕላኑን ነገር ተዪው። ያልጻፍሁት የሚጻፍ ነገር ስላልነበረ ነው። ባዶ ወረቀት በአውሮፕላን መላክ ኪሣራ ነው። አሁን ግን የሚጻፍ አለ።

በመጀመሪያ ጓዳ ስላልሽው ቃል፣ ክሱን አምኛለሁ። ቀጥሎ፣ እታገኝን በብርድ ልብሱ ጠቅልዬ በጀርባዬ አዝዬ ፍል ውሃው ወስጃለሁ። የምንሄደው ጎሕ ሲቀድ ነበር፤ ምክንያቱም ጧት ውሃው ንጹሕ ነው። አንድ ጧት ዘበኛው ኦቦ ፉፋ በሩን ሲከፍትልን፣ «ኦቦ አሻግሬ፣ ልጅቷ ታቦት ናት እንዴ ሁልጊዜ ተሸፋፍና የምትመጣው?» አለኝ። ልቆጣው ብዬ ነበር። እታገኝ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ስትስቅ ሰማኋት። ከታመመች ወዲህ ያን ሳቅ አልሰማሁትም ነበርና ቁጣዬን ተውሁት። ከዚያ ወዲያ ሳልሸፍናት ወሰድኋት፤ ሙቀቱም ጀምሯል።

ውሃው ውስጥ የሚይዛት ሰው አስፈለገ። ወሰንየለሽ ወገቧን ታማለች። ስለዚህ እኔ፣ የወረዳው ፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ በረጅም የውስጥ ሱሪ እስከ ደረቴ ገብቼ ቆምሁ። ሰው ሁሉ አየኝ። ባለጉዳዮቼ ሳይቀሩ ገንዳው ዳር መጥተው ስለ መዝገባቸው ይጠይቁኛል፤ እኔም እግር እያጠፍሁ እየዘረጋሁ እመልሳለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ምንም አልነበረም። እግሯ በእጄ ውስጥ እንደ እርጥብ ጨርቅ ነበር። መቼም የልቤን ልንገርሽ፣ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ግን ገፋችኝ። በግራው ነው የገፋችኝ፤ እዚህ ሆዴ ላይ። ግፊቷ ቀስ ያለች ናት፤ ግን እግሯን ያንቀሳቀስሁት እኔ አይደለሁም። «ድገሚ» አልኋት፣ ደገመች። ፉፋ ከዳር ሆኖ «ጀባዱ፣ ኢንተለ ኮ! በርቺ ልጄ!» እያለ ይጮኻል። እኔ ፊቴን ውሃ ውስጥ ነከርሁ፤ ዓይኔ ላይ እንዳይታይ የፈለግሁት ነገር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር መጣ። ከጊንጪ አንድ ጨው ነጋዴ ወንድ ልጁን በበቅሎ ጭኖ መጣ። ከእንጭኒ አንዲት እናት የአራት ዓመት ሴት ልጅ አዝላ መጣች። ከዚሁ ከእኛ ሰፈር፣ ጎረቤቴ ሆኖ ልጅ እንዳለው እንኳ የማላውቀው ሰው መጣ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ «ጸሐፊው ልጁን አደባባይ አውጥቶ የለም?» ይላሉ። አሁን ጧት ጧት ገንዳው ውስጥ ልጆቹ፣ ኢጆሌው፣ በዝተው መቆሚያ ጠፍቷል።

አንድ የግል ጉዳይ አለኝ። የወንድ መዋኛ ቁምጣ ላኪልኝ፤ ጥቁር ይሁን። ከፖስታው ላይ ምን እንደሆነ አይጻፍ።

አጎትሽ አሻግሬ


እንግሊዝ አገር
ኅዳር 4 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለሚወደዱት ለጋሼ፤

በየሄድሁበት የሚያስቀኝ ደብዳቤዎ ነው፤ ለልጆቹ ክፍል ተርጉሜ አነበብሁላቸው። የእናንተን ገንዳ ሲሰሙ አንዷ ልጅ፣ «እኛም አምቦ እንሂድ» አለች። የእኛው ገንዳ ግድግዳው ቆሟል፤ ጣሪያ ቀርቶታል። ስለዚህ ዘንድሮም ባሕር እንወርዳለን። ጀልባዋን ዞሬ ካልተመለስሁ ዱሬቲ አይደለሁም።

እታገኝ ውሃ ውስጥ መቆሟን ስለጻፉልኝ ሲስተሯን ጠየቅኋት። ከውሃ ውጭ ክብደቷን የምትሸከመው በእግር መደገፊያ ብረት ነው አለችኝ። ብረቱ አዲስ አበባም ይሠራል። ለሌሎቹም ልጆች ያስፈልጋል። ከደመወዜ የቻልሁትን እልካለሁ፤ ለሁሉ ግን አይበቃም። እርስዎ አንድ መላ አያጡም።

ዱሬቲ


አምቦ
ጥር 2 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለልጄ ለዱሬቲ፣ ለሁለት ዓይኔ፤

የልደቱ ሰላም አንቺ ካለሽበት ይድረስ። ቁምጣው ልክ ነው። የላክሽውም ደርሷል።

መላ አያጡም ብለሽ ስለጻፍሽ አላጣሁም። የአንቺን ፈረንጆች ነገር በፍርድ ቤቱ ግቢ አወራሁ። ፍል ውሃ ገብተን ገንዘብ እንሰብስብ ብል ሁሉም ሳቀ፤ «ደስ እያለህ ልትታጠብ እኛ እንክፈልህ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሰው የሚከፍለው ሌላው ሲንቀጠቀጥ ለማየት ነው። እንግዲያው በገና ጧት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሁሉቃ ወንዝ እገባለሁ አልሁ። በታኅሣሥ ጧት የሁሉቃን ውሃ አንቺ ታውቂዋለሽ። ዳኛው ወዲያው ሥርዓት አወጣ። እስከ ቁርጭምጭሚት የገባ እንደሆነ ይህን ያህል፣ እስከ ጉልበት ይህን ያህል፣ እስከ ወገብ፣ እስከ አንገት እያለ ዋጋው ይጨምራል። ዳኛው «እስከ ጉልበት ብቻ ነው የሚሄደው» ብሎ ለሰው ሁሉ ይናገር ነበር። መምህራኑ፣ የገበያ ሴቶች፣ የጨው ነጋዴው፣ ሁሉም በየአቅሙ ተስማማ።

ገና ጧት የወንዙ ዳር ጢም ብሎ ሞላ። ጉም ገና አልተነሣም። የገና ጨዋታ የሚጫወቱት ወጣቶች በትራቸውን ይዘው ቆመዋል። እታገኝን ፉፋ አምጥቶ ሣሩ ላይ አስቀመጣት። ጋቢዬን አወለቅሁ። ቁምጣው ሲታይ ሁሉቃ በሳቅ ተናወጠ፤ አንዲት ሴት «እሰይ ሙሽራው!» አለች። እኔ በፍርድ ቤት ድምፅ ጸጥታ አስከብሬ ገባሁ።

ቁርጭምጭሚት አለፍሁ። ጉልበት ላይ ስደርስ፣ ልጄ፣ አጥንቴ ጮኸ። እውነት እልሻለሁ፣ ለመመለስ ዞሬ ነበር። ዳኛው ከዳር ሆኖ «አላልኋችሁም?» እያለ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ወንዙ ጫፍ ተጋፍቶ ቆሞ ስለነበር እታገኝ ያለችበት አይታየኝም። እሷንም ከልለዋታል። እዚያ ጉልበቴ ድረስ ቆሜ፣ ልውጣ ወይስ ልግባ እያልሁ ሳመነታ፣ ከቆሙት ሰዎች መካከል አንድ ትንሽ ራስ ብቅ አለ። የእሷ ነበር። ያስነሣት የለም። ፉፋ እኔን እያየ ነበር፤ ወሰንየለሽ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች። ሰው ስለከለላት፣ እኔን ማየት ስላቃታት፣ ፊቷ የተቀመጠችውን ሴትዮ ትከሻ ይዛ ተነሥታለች። ብረት የለም፣ ውሃም የለም፤ በደረቅ መሬት ላይ ነው። ራሷም መቆሟን አላወቀችም። የምታየው እኔን ነው፤ ጥርሷ ሁሉ ወጥቷል፣ እየሳቀችብኝ ነው።

ብጣራ ትደነግጥና ትወድቃለች ብዬ ድምፄን ዋጥሁት። አሁን ከወጣሁ የሚታይ ነገር አልቆ ትቀመጣለች ብዬም አሰብሁ። ስለዚህ መለስ አልሁና ወደ ጥልቁ ሄድሁ። ወገብ፣ ደረት፣ አንገት። እዚያ ቆሜ ቀረሁ። ሕዝቡ «ይበቃል፣ ውጣ፣ ትሞታለህ!» ይላል፤ ዳኛው ራሱ «ተረትቻለሁ፣ ውጣልን» ይላል። እኔ አልወጣም። እሷ እስከቆመች ድረስ እኔም ቆምሁ።

አጎትሽ አሻግሬ